ከበር ውጭ የቀረው አቤቱታ

ልጁን ያገኘሁት አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ማተሚያ ቤት ነው። ተጠቅልሎ የታሰረ ትልቅ ፖስተር ታቅፎ ሒሳብ ለመክፈል ይጠብቃል። በአማርኛ ንግግር ላይ የሠራው ምርምር ሰሜን አሜሪካ በሚካሄድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቷል። እሱ ግን ቪዛ ስለተከለከለ ፖስተሩን በጓደኛው እጅ ሊልክ ነው። «ፖስተሬ ይገባል ጋሼ፤ ለፖስተር ቪዛ አይጠየቅም» አለኝ።

ዘረኝነት ነው ትላለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ወረቀቴን ሦስት ባለሙያዎች ስሜን ሳያውቁ መረመሩትና ተቀበሉት። ፓስፖርቴን የመረመረው ሰው ግን ከስሜና ከአገሬ ሌላ ያየው ነገር የለም። ምን እንደሚባል እርስዎ ይንገሩኝ።»

የሱ ጥያቄ ነው ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ታላላቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው። በዘሩ ወይም በባህሉ የተነካ ተሳታፊ የሚያመለክትበት አድራሻና አቤቱታውን የሚያይ ኮሚቴ አለ። ጥፋተኛው ሊገሠጽ፣ ከአዳራሽ ሊወጣ፣ ከከፋም ዳግም እንዳይመጣ ሊታገድ ይችላል። ደንቡ ሲሠራም አይተናል። በ2024 ዲሴምበር ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው ኑሪፕስ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ የኤምአይቲዋ ፕሮፌሰር ሮዛሊንድ ፒካርድ ባቀረቡት ንግግር ውስጥ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጭበርብሮ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ ተማሪ ቻይናዊ መሆኑ ተጠቅሶ ነበር። አንዲት ታዳሚ ተነስታ በንግግሩ ሁሉ ዜግነት የተጠራው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ መሆኑን ተናገረች። አዘጋጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ነገሩ ከደንባቸው ጋር እንደማይሄድ በይፋ አስታወቁ፤ ፕሮፌሰሯም ይቅርታ ጠየቁ። ይህ ተገቢ ነበር፤ የታዳሚዋም ድፍረት ይከበራል። ግን እሷ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። አዳራሹ ጋ ያልደረሰ ሰው በየትኛው ማይክሮፎን ይናገር?

ይህንኑ ጉባኤ ቀደም ሲል ሌላ ሰው ከውስጥ ሆኖ ቆጥሮት ነበር። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ዶክተር ትምኒት ገብሩ በ2016 ሲገኙ፣ 8,500 ያህል ይሆናል ከተባለው ሕዝብ መካከል ያዩት ጥቁር ስድስት ብቻ እንደነበር ተናግረዋል። ከሌላዋ ተመራማሪ ረድኤት አበበ ጋር «ብላክ ኢን ኤአይ» (ጥቁሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተባለውን ቡድን የመሠረቱት ከዚያ በኋላ ነው። በ2018 ጉባኤው ሞንትሪያል ሲሆን ከአፍሪካ ካመለከቱት የቡድኑ እንግዶች ግማሽ ያህሉ ቪዛ ተከልክለዋል ወይም መልሱ ዘግይቶባቸዋል። በዚያው ወቅት የጉባኤው ቦርድ፣ ሴቶችን ያዋርዳል የሚል አቤቱታ የቀረበበትን የጉባኤውን ምህጻረ ስም ቀይሯል። ስም መቀየር በቦርዱ እጅ ነበር። ቪዛ በእጄ አይደለም የሚለው መልስ ግን እውነት ቢሆንም ሙሉ አይመስለኝም፤ የት እንሰብሰብ የሚለውን የሚወስነው ማን ሆነና?

የኤድስ ጉባኤ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አሜሪካ በ1987 ኤችአይቪ በደሙ ያለበት የውጭ ሰው እንዳይገባ ከለከለች። በ1989 አንድ የኔዘርላንድ ዜጋ ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚካሄድ ስብሰባ ሲያመራ፣ ሚኒሶታ አየር ማረፊያ ሻንጣው ውስጥ ኤዜቲ የተባለው የኤድስ መድኃኒት ስለተገኘ ታሰረ። ቁጣው ዓለምን አዳረሰ። በ1990 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠራውን ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ብዙ ድርጅቶች ተቃውመው ቀሩ። የ1992ቱ ቦስተን እንዲሆን ተወስኖ ሳለ፣ አዘጋጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው አምስተርዳም ወሰዱት። ክልከላው በ2010 እስኪነሳ ድረስ ጉባኤው አሜሪካን ጨርሶ አልረገጠም፤ የተመለሰው በ2012፣ ዋሽንግተን ላይ ነው። በመካከሉ በ2000 ደርባን ላይ ተካሂዶ ኔልሰን ማንዴላ የመዝጊያውን ንግግር አድርገዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድን ኃያል አገር ያለፈ ጉባኤ፣ የቦታ ምርጫ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አስመስክሯል።

ያው ጉባኤ በ2022 ሞንትሪያል ላይ ሲጠራ ያን ጉልበቱን የረሳው ይመስላል። ከአፍሪካ የተጋበዙ ብዙዎች፣ ንግግር አቅራቢዎች ጭምር፣ ቪዛ ተነፈጉ። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም (ዩኤንኤድስ) ኃላፊ ዊኒ ቢያንዪማ ራሳቸው ጄኔቫ አየር ማረፊያ ላይ ሰነዳቸው ደጋግሞ ተመርምሮ ከአውሮፕላኑ ሊቀሩ እንደነበር በአደባባይ ጻፉ። በመክፈቻው ቀን ተቃዋሚዎች መድረኩን ያዙ፤ ይናገራሉ የተባሉት የካናዳ ሚኒስትርም ሳይታዩ ቀሩ። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ፖላራ የተባለ አጥኚ ድርጅት የካናዳን የኢሚግሬሽን ሠራተኞች አነጋግሮ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች «ቆሻሾቹ ሠላሳ» ተብለው ሲጠሩ መስማታቸውን መዝግቦ ነበር። ይህ ይፋ የወጣ ሰነድ ነው። ማመልከቻ የሚመረመርበት ቢሮ እንዲህ የሚነጋገር ከሆነ፣ ክልከላውን የወረቀት ጉድለት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

የልጁ የክልከላ ደብዳቤ «ጉባኤው ሲያልቅ ትመለሳለህ ብለን አላመንንም» ይላል። «ቤት የለህም፣ ገንዘብ የለህም ነው ነገሩ» አለኝ። «አዲስ አበባ ውስጥ በሃያ ስድስት ዓመቱ ቤት ያለው ማን ነው? እናቴ እዚህ፣ ሥራዬ እዚህ፣ የምሠራበት ቋንቋ እዚህ። ለጉባኤው ብጽፍ የኤምባሲው ጉዳይ ነው አሉኝ። ለኤምባሲው ብጽፍ ውሳኔው የመጨረሻ ነው አሉኝ። በሁለቱ መካከል ደጁ የሚጠና ሰው የለም።»

እኔም ደጅ ጠንቼ ነበር። አንድ የኤምባሲ ባለሥልጣን ስለ ግለሰብ ማመልከቻ አንናገርም አሉኝ። ስለ ግለሰብ ሳይሆን፣ ለጉባኤ ከሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን ስንቱ እንደሚከለከል ነው የጠየቅሁት ብላቸው ስልኩ ተዘጋ።

የኛ ሰው ሸክም ደግሞ በዚህ አያበቃም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 አፕሪል መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መመርመሪያ ጊዜን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ አደረገ። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት በሕገ ወጥ መንገድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመቀበል አልተባበረም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ የኤድስ ጉባኤ የተካሄደው ሙኒክ ነበር። መንግሥታት ሲጣሉ ቀኑ የሚያልፍበት ነርሱ፣ ሐኪሙና ተመራማሪው ነው።

መፍትሔው፣ የመሰብሰቢያውን ቦታ መቀየር፣ ከአቅም በላይ አይደለም። አይሲኤልአር የተባለው ታላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ በ2020 አዲስ አበባ ሊመጣ ተወስኖ ነበር፤ ኮቪድ ወደ ኢንተርኔት አዞረው እንጂ። በ2023 ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ኑሪፕስም በ2025 ከሳን ዲዬጎ ጎን ሜክሲኮ ሲቲን ሁለተኛ መሰብሰቢያ አደረገ።

የቀረው የአቤቱታው ደንብ ነው። ደንቡ አንድን ሰው ተሳታፊ ብሎ መቁጠር ያለበት ባጁን አንገቱ ላይ ካንጠለጠለበት ሰዓት ሳይሆን ሥራው ተቀባይነት ካገኘበት ቀን ጀምሮ ነው። አዘጋጆች በየዓመቱ ስንት ሰው እንደተገኘ ያውጃሉ። ስንቱን ጋብዘው ስንቱ ቪዛ ተከልክሎ እንደቀረ፣ ከየት አገር እንደሆነም ጭምር፣ ቀጣዩን ከተማ ከመምረጣቸው በፊት አብረው ይንገሩን።