ከ7 ሰዓት በፊት የሚያልቅ ምሳ

ካርቲየ 6 በጅቡቲ ከተማ፣ ቡላዎስ በሚባለው ክፍል፣ በቁጥር ከሚጠሩት የሕዝብ ሰፈሮች አንዱ ነው። በሰፈሩ ለሰው ምግብ አብስሎ መተዳደር የተለመደ ሥራ ነው፤ የሥራውን ሰዓት የሚቆርጠው ግን አብሳዩ ሳይሆን ጫት ነው። ከሐረርጌ ደጋ የሚነሳው ጫት በየቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጅቡቲ ይገባል። በዚያው ሰዓት አካባቢ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይጠብባል፣ ከዚያም ከተማው ምሳውን በልቶ ወደ ጥላ ይገባል። እስከ 10 ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። ከሰዓቱ ያለፈ ምሳ ገዢ የለውም፤ ቢገኝም በግማሽ ዋጋ ነው። ስለዚህ የአንድ ትንሽ ምግብ አዘጋጅ ቤት የቀን ገቢ ከንጋት ገበያ እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተወስኖ ያልቃል።

ከተማዋን ፈረንሳዮች የቆረቆሯት በ1888 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በ1896 የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚህ ተዛወረ። አውሮፓውያኑ በወደቡ በኩል በድንጋይና በኖራ ሲገነቡ፣ ከእነርሱ በስተደቡብ የሶማሌ፣ የአፋር፣ የየመን ዐረብና የኢትዮጵያ ሠራተኞች በእንጨትና በቆርቆሮ ሠፈሩ። ሰፈሮቹ በቀጥታ መንገዶች ተከፍለው ቁጥር ወጣላቸው። የድሬዳዋን ከዚራና መጋላ የሚያውቅ አንባቢ የጅቡቲን አቀማመጥ ለመረዳት ሌላ ካርታ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም ከተሞች የአንድ ባቡር ልጆች ናቸው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ሰውም ወጥም አብሮ መመላለስ ጀመረ።

በቁጥር ሰፈሮቹ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ኩሽናው ብዙ ጊዜ ግቢው ነው። ምድጃው በላምባ፣ በከሰል ወይም በጋዝ ይሠራል፤ ትልቁ ድስት ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ይጣዳል። በፈረንሳይኛ ትሬተር የሚባለው የምግብ አዘጋጅነት ሥራ በታላላቆቹ ሆቴሎች ነጭ ጨርቅና የብር ሹካ አለው። በሰፈር ግን አንዲት ባለሙያ ሴት፣ ልጆቿ፣ አንድ ሁለት የቅርብ ዘመዶችና ከጎረቤት የተዋሱት ድስት ማለት ነው። ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዕለት ምሳ ሲሆን በምሳ ዕቃ እየተሞላ ለወደብ ሠራተኛ፣ ለሱቅ ጠባቂ፣ ለቢሮ ሠራተኛ ይላካል። ሁለተኛው ድግስ ነው። ከዕለት ምሳ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም በየቀኑ ይገባል፤ ድግሱ ግን የዓመቱን የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሸፍን ይችላል። ብልህ አዘጋጅ ሁለቱን አንድ ላይ ትይዛለች፤ በዕለት ምሳው የቀመሳት ሰው ነው ለልጁ ሠርግ የሚጠራት።

የጠረጴዛው ንጉሥ እስኩደካሪስ ነው። ሩዝና የበግ ሥጋ በአንድ ድስት የሚበስልበት ይህ ምግብ የጅቡቲ ብሔራዊ ምግብ ተደርጎ ይቆጠራል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ሥጋው ይገባና መልኩ እስኪቀየር ይገላበጣል። ቀጥሎ ቲማቲም፣ ከሙን፣ ሄል፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ይጨመርና ውኃ ተደርጎበት ሥጋው እስኪለሰልስ ይንተከተካል። ሩዙ የሚገባው በመጨረሻ ሲሆን መረቁን ጠጥቶ ይበስላል። ሙያው ያለው በውኃው ልክ ላይ ነው። ለ10 ሰው የሚሆነውን መጠን በ20 አባዝቶ ለ200 ሰው ያበሰለ ሰው ሩዙን ገንፎ ያደርገዋል፤ ከትልቅ ድስት የሚተነው ውኃ በመጠኑ ከትንሹ ያነሰ ነውና። ይህንን የምታውቅ ሴት በሰፈሩ ትፈለጋለች።

ከእስኩደካሪስ ጎን ፋህፋህ የሚባለው የሥጋና የአትክልት ሾርባ፣ ከእንጀራ ጋር ዘመድ የሆነው ላሆህ፣ ሳምቡሳና ፓስታ አሉ። ዓሣውን የመኖች አመጡት፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በበርበሬ ተቀብቶ በጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል፣ ከዚያው ምድጃ ከወጣ ሰፊ ቂጣ ጋርም ይቀርባል። ረጅሙ ዳቦ የፈረንሳይ ነው። ሙዝን ከሩዝ ጋር መብላት የሶማሌ ልማድ ሲሆን፣ ከደጋ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ሁለተኛ ቀን ራሱ ሙዙን ይጠይቃል።

የኢትዮጵያ ምግብ በዚህ ውስጥ ያለው ቦታ የተለየ ነው። በወደቡ ዙሪያ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ፣ ኮንቴይነር የሚጭነው ሾፌር፣ ዕቃ አስመጪው ሁሉ እንጀራ ይፈልጋል። ከኤርትራ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ከተነሣው ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ በኩል ስለሆነ ይህ ደንበኛ አይጠፋም። እንጀራው ግን ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለከለከለች፣ ጤፉ ከሌላ እህል ጋር መደባለቁ የተለመደ ሆነ። ሙቀቱም ሌላ ፈተና ነው። በደጋ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ በጅቡቲ ክረምት፣ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አንድ ሌሊት ካደረ ይመጥጣል። ማታ ዘግይቶ ማቡካት፣ እርሾውንም ማሳነስ ያስፈልጋል።

የእርድ ጉዳይም አለ። በአገር ቤት ድግስ ለሙስሊም እንግዳ ሥጋው ለብቻው በሙስሊም ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ እንደሚቀርብ የታወቀ ነው። በጅቡቲ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከገበያው የሚገኘው ሥጋ የሙስሊም እርድ ነው፣ ለብቻው የሚያስበው ክርስቲያኑ ነው። መፍትሔው ከጾም ወጥ መጣ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን የማንንም እርድ አይጠይቁም፤ ዐቢይ ጾም የያዘው ሾፌርም፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሶማሌም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ብዙ ዓይነት ሰው በሚሰበሰብበት ምሳ ላይ ለአዘጋጇ ከዚህ የተሻለ መላ የለም፤ ከሥጋም ይረክሳል።

የሚበስለው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ጅቡቲ ከምትበላው 90 በመቶ ያህሉን ከውጭ ታስገባለች። በዋና ከተማዋ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በአምቡሊ ወንዝ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች የቆዩ ቢሆኑም ከተማውን አይመግቡም። ሩዙና ዘይቱ በመርከብ ይገባል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ ከኢትዮጵያ ይመጣል። የሐረርጌ መንገድ በጎርፍ ከተቆረጠ ወይም በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ የካርቲየ 6 ወጥ በማግስቱ ቲማቲሙ ይጎድልበታል። ከ2018 ጀምሮ ሥራውን የያዘው የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ውጭ ናጋድ ላይ ይቆማል። ከአሮጌው ባቡር ጋር ሲነጻጸር ፈጣን ነው፤ በአሮጌው ባቡር ቅርጫቷን ይዛ የምትሳፈረዋ ነጋዴ ሴት ግን በአዲሱ ላይ ያንኑ ያህል ቦታ አላገኘችም።

ውኃውም መብራቱም ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዟል። የከተማው የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ነው። ማዕድን የበዛበት ውኃ ምስርና ባቄላ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል፤ ሻዩንም ያበላሸዋል። በ2017 ከሶማሌ ክልል ሐዳጋላ የሚነሳው የውኃ መስመር ሥራ ሲጀምር ጥቅሙ በድስት ውስጥ ጭምር የሚታይ ነበር። በ2011 የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመርም ከነዳጅ ማመንጫዎቹ የረከሰ ኃይል አመጣ፤ ይሁን እንጂ ፍሪጅ ቀንና ሌሊት ማሠራት ለትንሽ ቤት አሁንም ከባድ ወጪ ነው።

ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ሙቀቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች እንዲያዝ ይመክራል። በጅቡቲ የ2 ሰዓቱም ይረዝማል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ዝቅ እንዲል የሚያዝዙ አገሮች አሉ። ሩዝ በተለይ አደገኛ ነው። ባሲለስ ሴረስ የተባለው ተሕዋስ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና መርዙን ይተዋል፣ መልሶ ማሞቅም መርዙን አያጠፋውም። የሰፈሩ አብሳዮች የተሕዋሱን ስም ባይጠሩም ደንቡን ያውቁታል፦ ዛሬ የተሠራ ዛሬ ይበላል፣ የተረፈው ለጎረቤት ይሰጣል። ምሳውን ከመሸኘት በፊት ብዙ አስቀድሞ አለማብሰላቸውም ከስንፍና አይደለም። እንዲያውም ትሪ ሞልቶ ሲጠብቅ የታየበት ኩሽና ነው መጠርጠር ያለበት።

ገንዘቡ የሚዞረው በአብዛኛው በእምነት ነው። የዕለት ምሳ ደንበኛ በደብተር ይበላል፣ ደመወዝ ሲደርስ ይከፍላል። ባለሱቁም ለአዘጋጇ ሩዝና ዘይት በዱቤ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከዘገየ ሰንሰለቱ ሁሉ ይላላል። ለትልቅ ድስት፣ ለጋዝ ሲሊንደር ወይም ለፍሪጅ መግዣ የሚሆን ገንዘብ የሚገኘው ከሐግባድ ነው፤ ይህም ኢትዮጵያውያን እቁብ የሚሉት ነው፣ ሴቶቹ በየተራ ያነሡታል። አነስተኛ ብድር የሚሰጡ የቁጠባ ተቋማትም አሉ፤ በ1977 የተመሠረተው የጅቡቲ ሴቶች ኅብረትም በሥልጠና ይረዳል። የጅቡቲ ፍራንክ በ1949 ከዶላር ጋር ታስሮ፣ ከ1973 ወዲህ 1 ዶላር በ177.721 ፍራንክ ቆሟል። ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ፍራንክ የያዘ ሰው በብር የሚገዛው በዛ፤ በኢትዮጵያ የሽንኩርቱ ዋጋ አብሮ መውጣቱ ግን ከጥቅሙ ብዙውን በላው።

የድግሱ ትእዛዝ የራሱ ወቅት አለው። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ሠርጉ ወደ ሐሙስና ዓርብ ያዘነብላል። አቂቃ፣ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን የሚደረገው ግብዣ፣ አስቀድሞ ይታወቃል። ለቅሶ ግን አይነግርም፤ ሐዘንተኛ ቤት ምድጃ አይለኮስምና ጎረቤቱ በአንድ ሌሊት ድስት ማቅረብ አለበት። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። ከለቅሶ ቤት ትርፍ የምትፈልግ ባለሙያ በሰፈሩ ስሟ ይጠፋል፤ የሌላ ቀን ድግስም አታገኝም። በረመዳን ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ቀኑ ጸጥ ይላል፣ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ግን ግቢው ሁሉ ሳምቡሳ ይጠብሳል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ሲበረታ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሌሎች ነፋሻ ቦታዎች ይሄዳል፤ የዕለት ምሳውም ይቀንሳል። አዘጋጆቹ ድስት የሚያስጠግኑት፣ ዕዳ የሚሰበስቡት ያኔ ነው።

ከኢትዮጵያ ሄዶ በካርቲየ 6 ምግብ የሚያዝ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል። ግማሹን ቀብድ ማታውኑ ይክፈል፤ ገበያው የሚከፈተው በንጋት ነው፣ የትናንት ደብተር ደግሞ የነገን ሥጋ አይገዛም። ሰዓቱንም በግልጽ ይናገር፤ በፈረንሳይኛ የሚጻፈው ትእዛዝ 7 ሰዓት ካለ የሚደርሰው በማለዳ ነው፣ ለምሳ የሚጻፈው 13 ነው።