ታካሚው ያልተናገረው፣ ሐኪሙ ያልጠየቀው
በሐዋሳ ዘመናዊውና የባህል ሕክምናው በአንድ ታካሚ ላይ ሲገናኙ

ሐዋሳ፡- በሐዋሳ ከተማ ጎዳና በባጃጅ ግጭት ክንዱ የተሰበረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው ወደ ሆስፒታል ወስዶ ራጅ አስነስቶ በጄሶ ያሳስረዋል፤ ሁለተኛው ወደ ወጌሻ ቤት ወስዶ በቅቤ አሳሽቶ በቀርከሃ ያሳስረዋል። ብዙዎች ግን ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሌላውን አይተዉም። በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል ደርሰው ራጅ ይነሳሉ፤ ለሕመም ፈቃድ የሚያስፈልገውን የሐኪም ማስረጃ ይይዛሉ። ከዚያም በዘመድ ምክር ጄሶውን አስፈትተው ወጌሻ ዘንድ ይቀርባሉ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ስለ ወጌሻው አያነሱም፤ ሐኪሙም አይጠይቅም።

የጉዳዩ ክብደት ያለው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ስለ ባህል ሕክምና የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ላይ ሲሽከረከር ይታያል። ሕዝቡ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ሁለቱንም ሲጠቀም ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ሲጠቀምበት በቆየው ግምት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ለመጀመሪያ ደረጃ የጤና ፍላጎቱ በባህል ሕክምና ይገለገላል። አኃዙ ለብዙ ዓመታት ከሰነድ ወደ ሰነድ እየተገለበጠ የመጣ ግምት እንጂ የቆጠራ ውጤት አለመሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ በሕክምና አገልግሎት ረገድ በአጭር ጊዜ ብዙ የተለወጠች ከተማ ነች። ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታል በ1998 ዓ.ም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከበድ ያለ ሕመም የገጠመው ነዋሪ ወደ ይርጋለም ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ግድ ይለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ የሐኪሞች ማሠልጠኛም ሆኗል፤ የአዳሬ ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያዎችና በርካታ የግል ክሊኒኮችም ከተማዋን ያገለግላሉ። ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ነች። ይሁን እንጂ የተቋማቱ መበራከት ወጌሻውንም ሆነ መድኃኒት አዋቂውን ከሥራ አላስወጣቸውም።

ምክንያቱን ከታካሚዎች አመላለስ መረዳት ይቻላል። ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚያወድሰው በቅድሚያ መድኃኒቱን ሳይሆን አቀባበሉን ነው። ወጌሻው አባቱን ያውቃል፤ እናቱንም አሽቷል። በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በአማርኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ያነጋግረዋል። ዛሬ ያየው ሰው ነገም ያየዋል፤ ክፍያውንም እንደ አቅሙ ይቀበለዋል። በአንጻሩ በትልቅ ሆስፒታል ታካሚው ለረጅም ሰዓት ወረፋ ጠብቆ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይታያል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ሐኪም ያጋጥመዋል። ይህ በማስተማሪያ ሆስፒታል ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ተለማማጅ ሐኪሞችና በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራሉና። ለታካሚው ግን ታሪኩን በየጊዜው ከመጀመሪያው መናገር ማለት ነው።

ቅሬታው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል አይደለም። ስለ ባህል መድኃኒት የሚነሳው ቅሬታ መጠኑ አለመታወቁ፣ ይዘቱ በምስጢር መያዙና ንጽሕናው አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር የሚተላለፍ በመሆኑ ጉዳት ቢደርስ እንኳ ታካሚው ምን እንደጠጣ የሚነግረው የለም። በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ደግሞ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊትነት ተፈርጀው ሲወገዙ የኖሩ ናቸው፤ እነዚህን ከባህል ሕክምና ጋር አብሮ ማወደስ አይገባም። ሆስፒታሉም በበኩሉ የሚያወድሱት አሉት። ደም መስጠትን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ምጥ ለጠናባት እናት መድረስን በሌላ መንገድ የሚተካ የለም።

በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል ተብሎ የሚታሰበው የቤተሰብ ሐኪም ነው። በሕክምናው ዘርፍ የቤተሰብ ሐኪም ሲባል በአንድ የአካል ክፍል ወይም በአንድ ዕድሜ ሳይወሰን ሕፃኑንም፣ እናቱንም፣ አረጋዊውንም በቋሚነት የሚከታተል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ብቻ ወደ ሌላ ስፔሻሊስት የሚልክ ሐኪም ማለት ነው። በአገራችን የዚህ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የወጡት በ2008 ዓ.ም ነው። ዘርፉ ወጣት ነው፤ የባለሙያዎቹም ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ስለዚህ በሐዋሳ አንድ ሰው «የቤተሰብ ሐኪም አለኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የግል ክሊኒክ የሚያውቀውን፣ ስልኩን የያዘውን ጠቅላላ ሐኪም ማለቱ ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በገጠር፣ ኋላም በከተሞች የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወደ ቤተሰቡ ከሁሉ ይልቅ የቀረቡ ናቸው፤ ሥራቸው ግን በዋናነት በሽታን መከላከል ነው። የቤተሰብ ሐኪምነቱን ሥራ ሳይሰየም ሲሠራ የኖረው፣ ጎረቤቱን ሁሉ በስም የሚያውቀው ወጌሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝምታው የሚያስከትለው ጉዳት በግልጽ የሚታየው በአጥንት ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በዚህ ጊዜ ቀርከሃው ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ የሚሄድበት ስለሚያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የደም ዝውውሩም ይገታል። ደም ያጣ ጡንቻና ነርቭ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ዘግይቶ የሚታየው ጋንግሪን ሲሆን፣ የሚቀረው አማራጭ አካሉን መቁረጥ ነው። ጠብቆ የታሰረ ጄሶም ይህንኑ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ልዩነቱ ጄሶ ያሰረው ባለሙያ የጣቶቹን ሁኔታ እንዲከታተል የተማረ መሆኑና ታካሚውም ሕመሙ ሲብስበት ወዴት እንደሚመለስ ማወቁ ነው። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የጣቶች መቀዝቀዝ፣ መደንዘዝ፣ መጥቆር ወይም መገርጣት፣ ጣትን ማንቀሳቀስ አለመቻል። ሕፃን ልጅ ይህን በቃሉ ሊያስረዳ አይችልም፤ ያለቅሳል፣ ልቅሶውም የስብራቱ ሕመም ነው ተብሎ ይታለፋል። በኢትዮጵያ በወጌሻ እሥር ምክንያት እጃቸውንና እግራቸውን ካጡት መካከል ሕፃናት የሚበዙትም ከዚህ የተነሳ ነው።

ሆኖም ይህን ጉዳት ለመቀነስ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። በአገራችን ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና ከወጌሻ እሥር በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎችን ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን የሚያሳይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ጥናት እ.ኤ.አ በ2005 በዓለም አቀፍ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ወጌሾቹ ሥራቸውን እንዲተዉ አልተጠየቁም፤ የተነገራቸው እንዴት ማሰር እንደሌለባቸውና ታካሚውን መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው ነው።

በሲዳማና በአጎራባች አካባቢዎች የተሰበረ ሰው የተመረጠ የእንሰት ዝርያ አሚቾ ተቀቅሎለት ከወተት ጋር እንዲመገብ ይደረጋል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ የሚቃወምበት ምክንያት የለም። እንሰቱ ፕሮቲን ባይበዛበትም ወተቱ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ጉዳት የሌለውን ነገር ተቀብሎ ስለ ቀርከሃው ግን ጠንከር ብሎ መናገር የሚችለው አስቀድሞ የጠየቀ ሐኪም ብቻ ነው።

በሚዋጥና በሚጠጣ መድኃኒት ረገድ ነገሩ ይበልጥ ስውር ነው። አብሽ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የመቀነስ ባሕርይ አለው፤ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ሲጨምርበት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በምግብ መጠን ችግር የለውም፤ በመድኃኒትነት በብዛት ሲወሰድ ግን የደም ማቅጠኛ በሚወስድ ወይም ለቀዶ ሕክምና በተዘጋጀ ሰው ላይ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ኮሶም ትውልዶች ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ትል የተገላገሉበት መድኃኒት ቢሆንም መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙዎች የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል ወደሚያጠጣ አዋቂ ይሄዳሉ። ቢጫነቱ የመጣው ከቫይረስ ይሁን፣ ከሐሞት ጠጠር ወይም ከሌላ በሽታ የሚለየው በምርመራ ነው። የጉበት ምርመራ ውጤት ከፍ ብሎ ሲገኝም ሐኪሙ ከበሽታው ይሁን ከተጠጣው ቅጠል ለመለየት ታካሚው እንዲነግረው ያስፈልጋል።

ዝምታው ሊሰበር እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ጠበል የሚጠመቁ አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት መስሏቸው ያቋርጡት ነበር። በ1999 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ሕሙማኑ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ አልተገደዱም፤ ለሐኪማቸው የሚደብቁትም ነገር ቀነሰ።

የባህል ዕውቀት ለሳይንስ ባዳ ነው የሚለውም አባባል አያስኬድም። በሐዋሳ ጤና ጣቢያዎች ለወባ ሕመምተኛ ሲታዘዝ የኖረው ኮአርተም መነሻው በቻይና ባህላዊ መድኃኒትነት የሚታወቅ ተክል ነው፤ ግኝቱም ለቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ በ1964 በአድዋ ወንዝ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር መነሻ ሆኗል።

በሕግ ረገድ ጉዳዩ የተዘነጋ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የባህል መድኃኒት ተጠንቶ ከዘመናዊው ጋር እንዲቀናጅ አመልክቷል። በ2002 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የባህል ሕክምና ባለሙያዎችን የሙያ ፈቃድ ጉዳይ አካቷል። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም የባህል መድኃኒትን የሚያጠና የሥራ ክፍል አለ። ፖሊሲ አውጪው ያወቀውን ነገር ግን የምርመራ ክፍሉ ገና በሚገባ አላወቀውም። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች የታካሚን ካርድ አንስተው ስለ ባህል መድኃኒት የተጻፈ ነገር ቢፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቦታ ነው የሚያገኙት።

የአጠያየቁም ሁኔታ ቀላል አይደለም። «የባህል መድኃኒት ወስደዋል?» ተብሎ በተቆጪ ድምፅ የተጠየቀ ታካሚ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ አልወሰድኩም ይላል። «ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ሞከሩ?» የተባለ ግን የቅጠሉን ስም፣ ያጠጣውን ሰው፣ ስንት ቀን እንደጠጣ ሳይቀር ይዘረዝራል። ይህን ለመጠየቅ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቤተሰብ ሐኪሞች እስኪበዙ መጠበቅንም አይጠይቅም።

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ታካሚ የሪፈር ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ በወረቀቱ ላይ ምን እንደተደረገለት ተጽፏል። ከወጌሻ ቤት የሚመጣው ግን በእጁ ምንም አይዝም። ቀርከሃው መቼ እንደታሰረ፣ ስንት ጊዜ እንደተፈታ፣ ጣቱ ከመቼ ጀምሮ እንደደነዘዘ የሚያውቁት እርሱና ያሰረው ሰው ብቻ ናቸው።