ሲመቱት የሚጠነክር ብረት

በዚህ እትም ስለ ብረት እናወጋለን፤ በተለይም ስለ አረብ ብረት።

"ጠንካራ ብረት" ሲባል ለብዙዎቻችን የማይታጠፍ ብረት ነው የሚታየን። መሐንዲስ ግን ሁለት ነገር ለይቶ ይጠይቃል። ቅርጹን ሳይለውጥ ምን ያህል ኃይል ይችላል? ኃይሉ ሲያይልበትስ ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል ይሳባል? የመጀመሪያው ጥንካሬ ነው፤ ሁለተኛውን ተሳቢነት እንበለው። ሞረድ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሊያጥፉት ሲሞክሩ ግን ቀጭ ይላል። የማሰሪያ ሽቦ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ሸክም ግን አይችልም።

ችግሩ አንዱ ሲጨምር ሌላው መቀነሱ ነው። የብረት አተሞች በረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ ረድፉ ግን እንከን አያጣም። ሰፊ የመስጂድ ምንጣፍ ሙሉውን መጎተት ይከብዳል፤ አንድ እጥፋት ፈጥሮ እጥፋቱን መግፋት ግን ይቀላል። ብረትም ቅርጹን የሚለውጠው "ዲስሎኬሽን" የሚባሉት እንከኖች እንደዚያ እጥፋት ሲንሸራተቱ ነው። መንገዳቸው ሲታገድ ብረቱ ይጠነክራል፤ ፈጽሞ መላወሻ ሲያጡ ደግሞ መሳቡን ትቶ ይሰነጠቃል።

በ1882 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ሮበርት ሃድፊልድ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ብረት ላይ 12 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝና ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ቀላቀለ። ካርቦን የበዛበት ተራ ብረት ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ተሰባሪ ይሆናል፤ ይኼኛው ግን በተቃራኒው የማይሰበር ሆነ። ሲመቱት ደግሞ ገጹ ይጠነክራል፤ በብሪኔል መለኪያ ከ200 አካባቢ ተነስቶ ከ500 ሊያልፍ ይችላል፤ ውስጡ ግን እንደ ተሳቢነቱ ይቆያል። ድንጋይ የሚፈጨው የክሬሸር መንጋጋ፣ የባቡር ሐዲድ መገናኛ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የራስ ቁር ከዚህ ብረት ተሠርተዋል። መቁረጫ ሲነካውም ስለሚጠነክር በማሽን መቅረጽ አበሳ ነው፤ ስለዚህ በአብዛኛው ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይፈስሳል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በጀርመን ዱሰልዶርፍ በማክስ ፕላንክ የብረት ምርምር ተቋም ጌኦርግ ፍሮመየርና ባልደረቦቹ ማንጋኒዙን ወደ 25 በመቶ አሳደጉት፤ ሲሊከንና አሉሚኒየምም ጨመሩበት። "ትዊፕ" የሚባለው ይህ ብረት ሲሳብ በክሪስታሎቹ ውስጥ እንደ መስታወት ምስል የተገላበጡ ስስ መንትያ ንብርብሮች ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ንብርብር ለእንከኖቹ አዲስ አጥር ነው። ብረቱ በሳሳበት ቦታ አጥሩ ስለሚበዛ ያ ቦታ ይጠነክርና መሳቡ ወደ ሌላው ክፍል ይዛወራል። እኛን በጣም የገረመን ይኼ ነው፤ ድክመት በታየበት ቦታ ብርታት ይበቅላል። እንዲህ ያለው ብረት ከርዝመቱ ግማሽ በላይ ሳይበጠስ ሊሳብ ይችላል። በመኪና ግጭት ጊዜ ጉልበቱን ተሳፋሪው ጋ ሳይደርስ የሚውጠው ይህ ባሕርይ ነው። ሆኖም ውድ ነው፤ ሃይድሮጅን ከገባበትም ቆይቶ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በየመኪናው አናገኘውም።

ለእኛ የሚቀርበው ፌሮ ነው። ለፌሮ ርካሹ መላ ውኃ ነው፤ ከመዳመጫው ግሎ የወጣው ዘንግ ለአፍታ ውኃ ይረጭበታል፣ ገጹ ይጠነክራል፣ በውስጡ የቀረው ሙቀት ደግሞ ገጹን መልሶ ያለዝበዋል። ጠንካራ ቅርፊት፣ ተሳቢ እምብርት።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። በዚህ ጊዜ ተሳቢ ፌሮ ያለው ምሰሶ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ሰው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ፌሮው ተሰባሪ ከሆነ ማስጠንቀቂያ የለም። አንዴ የታጠፈን ፌሮ በመዶሻ አቃንቶ መልሶ መጠቀም የመሳብ አቅሙን ከወዲሁ መብላት ነው። የአገራችን የግንባታ ኮድ የተመሠረተበት ዩሮኮድ ፌሮን በተሳቢነቱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይመድባል፤ በከፍተኛው ኃይል ላይ ቢያንስ 2.5፣ 5 እና 7.5 በመቶ መሳብ አለባቸው። ሲቪል የምትማሩ እህት ወንድሞች ለሥራ ልምምድ ስትወጡ፣ የፌሮውን የሙከራ ወረቀት ጠይቁና ከጥንካሬው ቀጥሎ ያለውን ይህን ቁጥር አንብቡ።