ያውቁ ኖሯል? ቡናው ከእኛ፣ ስሙ ከሌላ

ኢሉባቦር ውስጥ ባለችው ያዮ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ቡና ያው «ቡና» ነው። ትግርኛ ተናጋሪው «ቡን» ይለዋል፣ ከፋዎች «ቡኖ»። ዐረቦች ፍሬውን «ቡን»፣ መጠጡን ደግሞ «ቀህዋ» አሉት። ባሕር የተሻገረው ሁለተኛው ስም ነው፤ ቱርኮች «ካህቬ»፣ ሆላንዶች «ኮፊ» እያሉት 1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። እዚያም ቢሆን አንድ ድምፅ የለውም። ነባሩ የኒው ዮርክ ሰው ከንፈሩን አሞጥሙጦ የመጀመሪያውን አናባቢ ይስበዋል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙዎች አፋቸውን ከፈት አድርገው «ካፊ» ወደሚመስል ድምፅ ያደላሉ።

የያዮ ስምም እንዲሁ ይለዋወጣል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የያዮን የቡና ደን፣ 167,021 ሄክታር የሚሸፍነውን፣ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ሲመዘግብ «ያዩ» ብሎ ጻፈው። የጫካ ቡና ዘር በተፈጥሮው ተጠብቆ የሚገኝበት እንዲህ ያለ ብርቅ ስፍራ ባለቤቶቹ እንደሚጠሩት ቢጠራ ደስ ይለኛል።

የኢሉባቦርን ከተማ ስም «መቱ» ብለን ስንጽፍ ደግሞ «ቱ» ጠብቃ መነበቧን ፊደላችን አያሳይም፤ የኦሮምኛው ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ድምፅ ደግሞ ይጽፈዋል። «ኢሉባቦር» የምንለውም በኦሮምኛ ተፍታቶ «ኢሉ አባ ቦራ» ነው።