ድረ ገጽና መተግበሪያ በመብት ሚዛን

አንድን ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ በሰብዓዊ መብት መመዘን ማለት “ይሠራል ወይ? ይፈጥናል ወይ?” ከሚለው አልፎ፣ በሚገለገልበት ሰው ላይም ሆነ ከናካቴው በማያውቀው ሰው ላይ ምን ያስከትላል ብሎ መጠየቅ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ፣ ወረታ ከተማ ሱቅ የከፈተች ነጋዴ፣ ይፋግ ላይ የሚማር ተማሪ ዛሬ ብር የሚልኩት፣ ወሬ የሚሰሙት፣ የፈተና ውጤት የሚያዩት በስልክ ነው። ትናንት የቀበሌ ጸሐፊና የባንክ ገንዘብ ከፋይ ይሠሩት ከነበረው ሥራ ብዙውን ሶፍትዌር ተረክቦታል። ጸሐፊው ሲበድል ማንነቱ ይታወቃል፣ አለቃው ዘንድ ይከሰሳል። ሶፍትዌር ሲበድል ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው “እንደገና ይሞክሩ” የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ምዘናው ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

መለኪያው ከየት ይመጣል?

መለኪያዎቹ ለኮምፒውተር ተብለው የወጡ አይደሉም። በ1941 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 2 አድልዎን ይከለክላል፣ በአንቀጽ 12 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ በአንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያውጃል። የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ መብትን ደንግጓል። በ2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የተቀበላቸው የንግድና የሰብዓዊ መብት መመሪያ መርሆዎች ደግሞ ኃላፊነቱን ለሦስት ከፈሉት፤ መንግሥት መብትን ይጠብቃል፣ ኩባንያ መብትን ያከብራል፣ ለተጎዳ ሰው ደግሞ መፍትሔ የሚያገኝበት መንገድ ይከፈትለታል።

እነዚህ መርሆዎች ጉዳትን የሚለኩበት መንገድም አላቸው። ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ጉዳቱ ምን ያህል ይከብዳል? ስንት ሰው ይነካል? ከደረሰ በኋላ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል? በተሳሳተ ቁጥር የተላከ ብር ተጣርቶ ሊመለስ ይችላል። አድራሻው በአደባባይ ተለጥፎበት ሕይወቱን ያጣ ሰው ግን አይመለስም። ስለዚህ መዛኙ ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥመው ትንሽ ችግር ይልቅ አልፎ አልፎ የሚደርሰውን የማይጠገን ጉዳት ያስቀድማል።

በሩ ለማን ክፍት ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ የእኩልነት ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከአጋሮቹ ጋር የጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ስለ አስተራረስ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ምክሩን በድምፅ ይሰማል። ማንበብ አይጠይቅም፤ ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ያንኑ ምክር ዳታ በሚበላ መተግበሪያ ብቻ የሚሰጥ ተቋም፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢጠቅም፣ ሀብታሙንና የተማረውን አስቀድሞ መርጧል ማለት ነው። በአንድ ቤት ያለው ስልክ አንድ ብቻ ሲሆንና እሱም በባልየው ኪስ ሲውል፣ ሚስቲቱ መቼና እንዴት ትደውላለች የሚለውም ከዚሁ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

አድልዎ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በጥቃቅን ነገር ውስጥ ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። አንድ መልካም የበዓል ምኞት በአማርኛ ሲጻፍ በቀላሉ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ማንም ለተንኮል አላደረገውም፤ ሥርዓቱ ሲነደፍ የግዕዝ ፊደል በነዳፊዎቹ ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ስም የሚሞላበት ቅጽም እንደዚሁ ነው። ውጭ አገር የተሠራ ድረ ገጽ “የቤተሰብ ስም” ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል፤ በኋላ የባንክ ደብተሩና ፓስፖርቱ አይገናኙም። የልደት ቀን የሚጠይቅ ቅጽ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተናገረ ደግሞ የሰውን ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያዛባል።

ለዓይነ ስውር በሩ ይበልጥ ይጠባል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሶፍትዌር የሚያነበው እውነተኛ ፊደልን እንጂ ሥዕልን አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ሲለጥፍ፣ የሚያይ ሰው ያነበዋል፤ ዓይነ ስውሩ ግን “ምስል” የሚል ቃል ብቻ ይሰማል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድም ለሶፍትዌሩ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም አራት ነገር ይጠይቃል፦ ይዘቱ በዓይን ወይም በጆሮ የሚደረስበት፣ ያለ ማውስም የሚሠራ፣ የሚገባ፣ በተለያየ መሣሪያ የሚከፈት ይሁን።

ምን ይወስዳል?

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ግል መረጃ ነው። መልሱን ለማግኘት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ መተግበሪያ ሲጫን የሚመጣውን የፈቃድ ጥያቄ ማንበብ ይበቃል። የባትሪ መብራት የሚያበራ መተግበሪያ የስልክ ማውጫን፣ ማይክሮፎንንና ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ ከጠየቀ፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እየወሰደ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መሠረቱ ይኸው ነው፤ መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይሰብሰብ። ባለመረጃውም የተያዘበትን የማየት፣ ስሕተት የማሳረምና የማሰረዝ መብት አለው።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ በዚህ ረገድ የአገሪቱ ትልቁ መፈተኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ተመዝጋቢው ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ ፆታውን፣ አድራሻውንና ዜግነቱን ይሰጣል፤ የአሥር ጣት አሻራው፣ የዓይኑ ብሌንና የፊቱ ምስል ይነሳል፤ 12 አኃዝ ያለው ቁጥርም ያገኛል። ብሔርና ሃይማኖት በግዴታ ከሚሞሉት ውስጥ የሉም። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ብሔርን ይጽፍ እንደነበርና በግጭት ጊዜ ያቺ አንዲት መስመር በኬላ ላይ ምን ልታመጣ እንደምትችል ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

መዛኙ ግን በዚህ አያበቃም። ዕድሜ ልኩን በሩዝ ማሳ ጭቃና በማጭድ እጁ የተፋቀ ገበሬ አሻራው አልነበብ ሲል ምን ይደረጋል? ዓይንና ፊት አብረው መወሰዳቸው አንዱ መልስ ነው፤ ባለሙያው ሰውየውን ሳይመልስ ሌላውን መንገድ መጠቀሙ ደግሞ የአሠራር ጉዳይ ነው። ባንክና ግብር ከአንድ ቁጥር ጋር ሲታሰሩስ፣ ቁጥሩ የሌለው ሰው ከስንት አገልግሎት ይቀራል? የይለፍ ቃል ከተሰረቀ ይለወጣል፤ የዓይን ብሌን ግን አይለወጥም። ከላይ የተጠቀሰው “ሊመለስ ይችላል ወይ?” የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል።

ምን ያናግራል፣ ምን ይሰርዛል?

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ንግግር ነው። በዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆኑ ሁለት ጉዳዮች አሉ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ ተጠቃሚ በራያ ቆቦ ተፈጸመ ስላለው ግፍ በአማርኛ ፌስቡክ ላይ ጻፈ፤ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሲቪሎችም ተባባሪ ነበሩ ሲል ከሰሰ። ጽሑፉ ተነሳ፤ ጉዳዩ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ያቋቋመው የቁጥጥር ቦርድ ዘንድ ሲቀርብ ኩባንያው መለሰው። ቦርዱ ጉዳዩን በዓለም አቀፉ ሦስት ደረጃ ፈተና አየው፤ ክልከላው ግልጽ ደንብ አለው? ዓላማው ተገቢ ነው? ከአስፈላጊው በላይ አልሄደም? ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ በጦርነት መካከል አንድን ብሔረሰብ በጅምላ ግፍ ተባባሪነት የሚወነጅል ያልተጣራ ወሬ ለጥቃት ሊያነሳሳ ስለሚችል መነሳቱ ትክክል ነው አለ። ኩባንያው መድረኮቹ በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርን ለማሰራጨት እንዴት እንደዋሉ በገለልተኛ አካል እንዲያስጠና፣ የቋንቋ አቅሙም እንዲፈተሽ መከረ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከወረታ ብዙም የማይርቀው ባሕር ዳር የሆነ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። እንደ ልጃቸው እንደ አብርሃም መዓረግ አቤቱታ ከሆነ፣ ከግድያው በፊት በፌስቡክ ስማቸው እየተጠራ፣ አድራሻቸው እየተጠቆመ ውንጀላ ተለጥፎባቸዋል፤ ልጁ ለኩባንያው ቢያመለክትም ከልጥፎቹ አንዱ ደንብ መጣሱ የተነገረው ከግድያው ስምንት ቀን በኋላ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ልጁ ከሕግ ባለሙያው ፍስሐ ተክሌና ከኬንያው ካቲባ ኢንስቲትዩት ጋር ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። የአካባቢው ይዘት ገምጋሚዎች ይሠሩ የነበረው እዚያው ናይሮቢ ነበር። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ቢከራከርም፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

ሁለቱ ጉዳዮች ሲተያዩ ምዘናው የሚፈልገው ነገር ይገለጣል። ዋናው ጥያቄ “ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?” አይደለም። አማርኛውን፣ ስድቡን፣ ሽሙጡንና ቅኔውን የሚያውቅ ስንት ሰው ተመድቧል? አቤቱታ በስንት ሰዓት ይታያል? ሰው እየተቆጣ ሲሄድ ልጥፉን ይበልጥ የሚያሰራጨው ስሌት በማን ውሳኔ ተሠራ? የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ፍጥነት ያለ ቋንቋ እውቀት ግን ጥፋተኛውን ትቶ ምስክሩን ዝም ሊያሰኝ ይችላል።

ማን ያጠፋዋል? ማን ይሰልልበታል?

መብት የሚጎዳው በኩባንያ ብቻ አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ለወራት ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ይህም ወራትን ወሰደ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው መግለጫ ግን መንግሥታት ኢንተርኔትን እንዳያቋርጡ ይላል። ለመሣሪያ መዛኝ ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ “ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይቀራል?” የሚል ነው። ዳታ ሲቋረጥ የሞተ መተግበሪያ ሰውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ ቴሌብር በ*127# እንደሚሠራው ዓይነት አጭር ቁጥር ግን ዳታ አይፈልግም። እገዳን ለማለፍ በነፃ የሚጫን ቪፒኤንም ራሱ ይመዘናል፤ የተጠቃሚው ጉዞ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋልና።

የስለላ ሶፍትዌር የከፋው ጫፍ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ጋዜጠኞች ተራ ሰነድ መስሎ በተላከላቸው ፋይል የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም እንደተነጣጠረባቸው አሳየ። ፕሮግራሙ “ሥራውን በደንብ ይሠራ” ነበር፤ በመብት ሚዛን ሲቀመጥ ግን ችግሩ እዚያው ሥራው ላይ ነው።

አንድ መሣሪያ እንዲህ ያለ ድብቅ ሥራ እንደሌለው በምን ይታወቃል? ውስጡ የማይታይ ሶፍትዌር በቃል ብቻ ይታመናል። የምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ግን የቻለ ሁሉ ይፈትሸዋል። ፋይዳ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው የሕንድ ሥርዓት ኮዱ ክፍት ነው። ሆኖም የኮዱ መከፈት መረጃው የተቀመጠበትን ክፍል ማን እንደሚከፍት አይናገርም፤ እሱን የሚናገረው ሕግና ቁጥጥር ነው።

አቤት የሚባለው የት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የመፍትሔ ነው። በአዋጅ 1321 መሠረት የግል መረጃ አያያዝን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የመብት ጥሰት አቤቱታ ይቀበላል። በመሣሪያው በኩል ግን መዛኙ የሚያየው ቀላል ነገር ነው፦ ቅሬታ ማቅረቢያው በተጠቃሚው ቋንቋ አለ? የሚመልሰው ሰው ነው ወይስ ማሽን? መልሱ ምክንያት ይሰጣል?

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ መተግበሪያ ሊያሠራ ቢነሳ፣ ምዘናውን ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ ማን እንደሚጠቀም ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚቀር ይጻፋል። ቀጥሎ የሚሰበሰበው መረጃ አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ ከየአንዱ ፊት ለምን እንደሚያስፈልግ ይሰፍራል፤ ምክንያት ያልተገኘለት ይሰረዛል። ከዚያ ማንበብ የማይችል፣ ማየት የማይችልና ተራ ስልክ የያዘ አባል ተጠርተው ይሞክሩታል፤ የእነሱ መሰናከል ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ይናገራል። መረጃው ቢሾልክ ማን ይጎዳል የሚለው ይታሰባል፣ አቤቱታ ተቀባዩም በስም ይመደባል። መተግበሪያ በየጊዜው ስለሚታደስ፣ አዲስ ፈቃድ በጠየቀና ባለቤት በለወጠ ቁጥር ምዘናው ከመጀመሪያው ጥያቄ ይደገማል።