በጉድጓዱ እራት ላይ ያልተነገረው

ይህን የምጽፈው ከእኛው ጠረጴዛ ተነሥቼ ስለሆነ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የወረዳ ተወላጆች ማኅበራት በአንዱ ለብዙ ዓመት ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ሥራችን ሲያዩት ቀላል ነው። በዓመት አንዴ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አዳራሽ እንከራያለን፤ ሴቶቹ ምግቡን ይሠራሉ (ኮሚቴው ውስጥ ግን አንዲትም ሴት አልነበረችም)፤ ዘፋኝ ይመጣል፤ ገንዘቡ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ላለች ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ይሆናል። ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ከየሱቃቸው አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ማስጠረግ ከጀመሩ ወዲህ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። እኛ የጨመርንበት ነገር ቢኖር ፕሮጀክተር ነው።

ከፕሮጀክተሩ ልጀምር። ውሃው እንደ ርችት ወደ ላይ ሲወነጨፍ፣ ልጆች ሲጨፍሩ፣ አዳራሹ በእልልታ ሲቀልጥ የምታዩት ቪዲዮ አለ አይደል? ያ ውሃ ከፓምፕ የወጣ አይደለም። ቁፋሮው እንዳበቃ ጉድጓዱን ከጭቃና ከአሸዋ ለማጠብ በኮምፕሬሰር አየር ወደ ታች ይነፋል፤ አየሩ ተመልሶ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይፈነዳል። እንዲህ ለሰዓታት ከታጠበ በኋላ ነው ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ የሚለካው። ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ውሃው ይጠጣ አይጠጣ ማንም አያውቅም። እኛ ግን ቪዲዮው በስልክ በደረሰን ማግስት አዳራሽ እንይዛለን። አንድ ዓመት የላቦራቶሪው ወረቀት የደረሰን እራቱ ተበልቶ፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ነበር።

ደግነቱ ውጤቱ ንጹሕ ነው። ወረዳችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ላይቀናን ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆው ከወንጂ ጀምሮ ወደ ደቡብ ባሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ተለክቷል። እንዲህ ያለው ውሃ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ዓመታት ሲጠጡት ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። በቪዲዮ ቢቀረጽ ግን እንደኛው ያምራል።

ሁለተኛው ምስጢር የእኔው እጅ ያለበት ነው። ቆፋሪ የሚከፈለው በሜትር ነው፤ ውሃ ተገኘም አልተገኘ ሜትሩ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ጉድጓዳችን ደረቅ ወጣ። ከባድ ገንዘብ ድንጋይ ውስጥ ቀረ። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ይህ ገንዘብ «የጥናትና የዝግጅት ወጪ» ተብሎ ተመዝግቧል። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንደኛ ባሉ ማኅበራት ሪፖርት ላይ ይህን ሐረግ ስታዩ ስንት ጉድጓድ ደረቅ እንደወጣ ጠይቁ። ደረቅ ማውጣት ነውር አይደለም፤ ከመሬት በታች ያለውን ማን አየው? ነውሩ መደበቁ ነው።

ሦስተኛው የወቅት ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው እጁ የሚፈታው የግብር ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ በፈረንጅ ዲሴምበር ላይ ነው። ቃል የተገባው ተሰብስቦ፣ ከወረዳው ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ተፈርሞ፣ ገንዘቡ ባንክ ሲደርስ ግንቦት ያልቃል። ሰኔ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የመቆፈሪያ ማሽኑን የተሸከመ መኪና አያልፍም። ብልሁ ነገር እስከ ጥቅምት መጠበቅ ነበር። እኛ ግን ለቀጣዩ እራት የምናሳየው ነገር አስፈልጎን በነሐሴ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ አስቆፈርን። ጥቂት ሜትር ሳይወርዱ ውሃው ገነፈለ። መስከረም ላይ ተመረቀ፣ የካቲት ላይ ደረቀ። የእጅ ጉድጓድ የሚቆፈረው ውሃው ወደ ታች በሸሸበት በበጋው ማብቂያ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ውሃ የሰጠ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል። ይህን ከቀበሌው ገበሬዎች ማንም ይነግረን ነበር፤ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ስለ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ይህን ስሙ። ከጉድጓዶቹ በኋላ ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን፣ የአንድ ትንሽ ከተማ የሮታሪ ክለብ አባላት፣ አብረን እንሥራ አሉን። ሮታሪ ለውሃና ለንጽሕና ግሎባል ግራንት የሚሉት ድጋፍ አለው፤ አንድ ክለብ ፕሮጀክቱ ካለበት አገር፣ አንድ ክለብ ከውጭ ሆነው ያመለክታሉ፤ የፕሮጀክቱ በጀት ደግሞ ከ30,000 ዶላር ማነስ የለበትም። የእኛ እቅድ፣ ማለትም ምንጭ ማጎልበትና ሁለት ቦኖ፣ 19,000 ዶላር ነበር። በጀቱን ለመሙላት ምን እንጨምር ተባለ። አንድ ዝምተኛ አባላችን «ለትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሐሳቡን አቅርቦ ሁለት ጊዜ ወድቆበታል። ለጉድጓድ በየዓመቱ 1,000 ዶላር የሚሰጡ አንድ ጋሼ «የእናቴን ስም ሽንት ቤት ላይ ልለጥፍ ነው?» ብለው ነበር።

በጀቱን ለመሙላት ሲባል ግን ሽንት ቤቱ ተሠራ፤ ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ፣ የሴቶቹ ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍና ውሃ ያለው። ቅጹ ትልቅ ቁጥር ባይጠይቀን ኖሮ ዛሬም አይኖርም ነበር። ከሠራነው ሁሉ አንድም ቀን ቆሞ የማያውቀው እሱ ነው።

የየቤቱ መጸዳጃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ የእኛ ገንዘብ ጭራሽ ይጎዳል። ካማል ካር የሚባል ሕንዳዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመረው ዘዴ ኢትዮጵያም ገብቷል። መንደሩ ይሰበሰባል፣ ሜዳ ላይ የሚጸዳዱበት ቦታ በጋራ ይጎበኛል፣ ከዚያ ምግብ ያለበት ሰሃን ከዓይነ ምድር አጠገብ ይቀመጣል። ዝንቡ ከዚህ ወደዚያ ሲመላለስ ሰው ራሱ አይቶ ይጠየፋል፣ ቤቱ ሄዶም ይቆፍራል። የዘዴው ዋና ሕግ ለማንም ድጎማ አለመስጠት ነው። እኛ «ለአንድ ሺህ አባወራ የመጸዳጃ ወለል እንግዛ» ብለን ስንነሣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስልክ ለመነችን፦ «እባካችሁ ተዉ። ሲሚንቶ ይመጣል ከተባለ የጀመሩትም ያቆማሉ።» ተውነው፤ ግማሹ ኮሚቴ ግን ተቀየመ። ገንዘብ ይዞ «አትስጡ» መባልን የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ድክመት እንዳይመስላችሁ። ልጆች ሲጫወቱበት ውሃ የሚስብ መሽከርከሪያ ትዝ ይላችኋል? ፕሌይፓምፕ ይባላል፤ ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ባዘጋጁት መድረክ ላይ የያኔዋ ቀዳማዊት እመቤት ሎራ ቡሽ ቆመው የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አብስረውለታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡና ሲሰለቹ የሚያሽከረክሩት ሴቶቹ ሆኑ፤ ሲበላሽም የሚጠግነው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 ፓምፑን ያስፋፋ የነበረው ድርጅት የቀረውን ንብረት ለሌላ አስረክቦ ሥራውን አቆመ። እኛም ቪዲዮውን አይተን ዋጋ ልንጠይቅ ጥቂት ነበር የቀረን።

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ። እ.ኤ.አ. በ2009 የገጠር ውሃ አቅርቦት መረብ ባወጣው ግምት ከሰሃራ በታች ካሉ የእጅ ፓምፖች ከመቶ 36ቱ አይሠሩም ነበር። ይህን ቁጥር በእራታችን ላይ «ስለዚህ ተጨማሪ ጉድጓድ እንቆፍር!» ለማለት ተጠቅመንበታል፤ እኔ አጨብጭቤያለሁ። ከ36ቱ አንዱ የእኛ መሆኑን የሰማሁት በግንቦት፣ አንድ ማታ ነው። የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ፣ አንዲት እናት፣ ስልኬን ከዘመድ አፈላልገው ደወሉ።

«ልጄ፣ ውሃው ቆሟል።»

«ከመቼ ጀምሮ እትዬ?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን? ድንጋዩ ላይ ስማችሁ እንጂ ስልካችሁ የለም።»

እውነት ነው። በእብነ በረዱ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚለው ሦስት ስብሰባ ተቀምጠን 14 ስም ቀርጸንበታል። ስለ መለዋወጫ አንድም ስብሰባ አልተቀመጥንም። ፓምፑ አፍሪዴቭ ነው፤ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ የተሠራ፣ በአንድ ቁልፍ የሚፈታ። ያለቀችው ጎማ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ሰሃን ክትፎ ዋጋ እንኳ አታወጣም። ሣጥኑ ውስጥ ብር ነበር፤ እትዬ ከየቤቱ በየወሩ ሰብስበው ሳንቲም ሳያጎድሉ ይዘውታል። ወረዳው ከተማ ላይ ግን ጎማዋን የሚሸጥ አልነበረም። ጥገና ካሠለጠንናቸው ሁለት ወጣቶች አንዱ አዲስ አበባ ገብቷል፣ አንዷ ቤይሩት ሄዳለች። አራት ወር ሙሉ ሴቶቹ ወደ ቀድሞው ምንጭ ገደል ሲወርዱ ከርመዋል። በመጨረሻ እትዬ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሰው ልከው አስገዙ። ፓምፑ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ አደረ።

ዛሬ እብነ በረዱ ሥር የስልክ ቁጥር ተጽፏል፤ እትዬ ቤትም አንድ ከረጢት ጎማ አለ። ኮሚቴያችን ውስጥ ሁለት ሴቶች ገብተዋል፤ አንዷ በእኔ ቦታ ሒሳብ ያዥ ናት። ደረቁ ጉድጓድም በስሙ ይመዘገባል፤ እንዲህ መመዝገብ በጀመርንበት ዓመት መዋጮው ትንሽ ቀንሷል።

የእራቱ ሰሞን እየደረሰ ነው፤ ትጠራላችሁ። ቪዲዮው ሲያበቃ፣ ዘፋኙ ማይክ ሳይዝ እጃችሁን አንሡና የአምናው ፓምፕ ዛሬ ይሠራ እንደሆነ፣ ማን ደውሎ እንዳረጋገጠም ጠይቁ። መድረኩ ላይ ያለነው እርስ በርስ ከተያየን የእራቱን ከፍላችሁ ውጡ፤ የጉድጓዱን ገንዘብ ግን ደውለን እስክንመለስ ያዙት።