የጣት አቀማመጥና ምት፦ በቢቦፕ ጊታር የስኬል ልምምድ ምን ላይ ሊያተኩር ይገባል?

መግቢያ

የጃዝ ጊታር ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ የሚከተለው ነው። ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት የስኬል ጣት አቀማመጦችን ይለማመዳል፤ ጣቶቹ ይፈጥናሉ፤ የጊታሩንም አንገት ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ሆኖም ኮርዶቹ መለዋወጥ ሲጀምሩ የሚጫወተው ስኬል እንጂ ዜማ አይሆንለትም። በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚወቅሰው በትጋት ማነስ ወይም በተሰጥኦ እጦት ነው። ይህ ጽሑፍ የችግሩ ምንጭ የልምምዱ መጠን ሳይሆን ይዘቱ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ለማሳያነት የተመረጠው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ የጎለበተው የቢቦፕ ስልት ነው።

የመሣሪያው ጠባይ

በክራር ላይ ቅኝቱ ከጨዋታው በፊት በክሮቹ ላይ ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ክርም የተመደበለት ድምፅ አለው። በፒያኖም አንድ ድምፅ የሚገኘው በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ጊታር ከሁለቱም ይለያል። ቀጭኑ የመጀመሪያ ክር ሳይረገጥ የሚሰጠው የኢ ድምፅ በሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው 9ኛ፣ በአራተኛው 14ኛ፣ በአምስተኛው ደግሞ 19ኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። በተጨማሪም ክሮቹ እርስ በርሳቸው በአራተኛ ርቀት ሲቃኙ፣ በሦስተኛውና በሁለተኛው ክር መካከል ያለው ርቀት ብቻ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ የተለመደ አንድ ቅርጽ ወደ ቀጭኖቹ ሲሻገር በአንድ ፍሬት ይዛነፋል።

ይህ የምርጫ ብዛት ልዩ ልዩ የአቀማመጥ ዘዴዎችን ወልዷል። አንዱ ዘዴ አንገቱን በአምስት የተለመዱ የኮርድ ቅርጾች ይከፋፍላል፤ ሌላው በእያንዳንዱ ክር ላይ ሦስት ሦስት ድምፅ በማስቀመጥ ሰባት አቀማመጦችን ይሠራል። በቦስተን በበርክሊ የጊታር ትምህርትን የመሩት ዊልያም ሌቪት በበኩላቸው፣ እጅ በአንድ ስፍራ ረግቶ ብዙ ቁልፎችን እንዲጫወት የሚያሠለጥን ሥርዓት በመማሪያ መጻሕፍታቸው አስፋፍተዋል። ከእነዚህ አንዱን መርጦ በሚገባ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የትኛውም ዘዴ በራሱ ሙዚቃ አይፈጥርም። ጃንጎ ራይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነጠላ መስመሮቹን በአብዛኛው የተጫወተው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አቀማመጥ አያስፈልግም የሚል ሳይሆን፣ አቀማመጥ መንገድ እንጂ መድረሻ አለመሆኑ ነው።

የቢቦፕ መስመር አሠራር

ከቢቦፕ መነሻዎች መካከል የሚቆጠረው የጊታር ተጫዋች ቻርሊ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በሃርለም በሚንተንስ ፕሌይሃውስ ሲጫወት የተቀዳው ድምፅ እስከ ዛሬ ይጠናል። ክርስቲያን በማግስቱ ዓመት በ25 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ቢሞትም፣ ጊታር እንደ ሳክስፎን ረጃጅም ነጠላ መስመሮችን መሸከም እንደሚችል አሳይቶ አልፏል። መስመሮቹንም የሚገነባው በኮርድ ቅርጾች ዙሪያ እንደነበረ ተማሪዎቹ የሚያጠኗቸው ቅጂዎች ይመሰክራሉ።

በዚህ ስልት መስመሩ በአብዛኛው የሚፈስሰው በአንድ ምት ሁለት ድምፅ እየተጫወተ ነው። ከሁለቱ አንዱ በምቱ ላይ ያርፋል፤ ሌላው በምቶቹ መካከል ያልፋል። የኮርዱ ድምፆች በምቱ ላይ ካረፉ፣ አጃቢ ባይኖር እንኳ አድማጩ ኮርዱን ይሰማዋል። ችግሩ መደበኛው ስኬል ሰባት ድምፅ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። የጂ 7 ስኬል ከላይ ወደ ታች ከጂ ተነሥቶ ሲጫወት በምቶቹ ላይ የሚያርፉት ጂ፣ ኢ፣ ሲ እና ኤ ናቸው፤ ከጂ በቀር አንዳቸውም የኮርዱ ድምፆች አይደሉም። በጂ እና በኤፍ መካከል ኤፍ ሻርፕ ሲጨመር ግን ስኬሉ ስምንት ድምፅ ይሆናል፤ በምቶቹም ላይ ጂ፣ ኤፍ፣ ዲ እና ቢ ያርፋሉ። እነዚህ ጂ 7ን የሚያቆሙት አራቱ ድምፆች ናቸው። ቀጣዩ ጂ ደግሞ በሚከተለው ሜዠር የመጀመሪያ ምት ላይ ይውላል።

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዴቪድ ቤከር ይህን ስምንት ድምፅ ያለው ስኬል የቢቦፕ ስኬል በሚል ስም በመጻሕፍታቸው አስተምረዋል። የዲትሮይቱ ፒያኒስት ባሪ ሃሪስም እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ግማሽ ድምፅ መቼና የት እንደሚጨመር ለተማሪዎቻቸው በዝርዝር ያሳዩ ነበር።

ከሒሳቡ ወደ ጣት

ከላይ የተገለጸው መስመር በጊታር ላይ እንዲህ ይቀመጣል። እጅ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ይረጋል፤ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት ይመደባል። በአራተኛው ክር ላይ ጂ በአራተኛ ጣት፣ ኤፍ ሻርፕ በሦስተኛ፣ ኤፍ በሁለተኛ፣ ኢ በመጀመሪያ ጣት ይረገጣሉ። በአምስተኛው ክር ዲ በአራተኛ፣ ሲ በሁለተኛ፣ ቢ በመጀመሪያ ጣት ይከተላሉ። በስድስተኛው ክር ኤ በአራተኛ ጣት ተረግጦ መስመሩ በ3ኛው ፍሬት በሚገኘው ጂ፣ በሁለተኛ ጣት ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣቶች ይህን ቅርጽ በቃላቸው ይዘው በየቦታው ቢደግሙት ሥርዓቱ ይፈርሳል። መስመሩ በምቱ ላይ ከኤ ቢጀምር፣ ያለ ምንም ጭማሪ ሲወርድ በምቶቹ ላይ የሚያርፉት ኤ፣ ኤፍ፣ ዲ እና ቢ ናቸው፤ ከመነሻው በቀር ሁሉም በቦታቸው ይውላሉ። በዚህ ጊዜ ኤፍ ሻርፕን በልማድ ማስገባት የኮርዱን ድምፆች ከምቱ ላይ ያስወግዳል። ስለዚህ ጣት ከመንቀሳቀሱ በፊት ተማሪው ሁለት ነገሮችን ማወቅ አለበት፦ የሚነሣበት ድምፅ በኮርዱ ውስጥ ምን እንደሆነና በየትኛው ምት ላይ እንደሚገኝ።

ይህን በጨዋታው መካከል ለማሰብ ጊዜ አይኖርም። ቻርሊ ፓርከር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1945 ያስቀዳው «ኮኮ» በደቂቃ ወደ 300 ምት ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በሰከንድ 10 ያህል ድምፅ ማለት ነው። በመድረክ ላይ ሊታሰብ የማይችለው በልምምድ ክፍል ውስጥ በዝግታ መታሰብ ይኖርበታል።

የልምምድ ቅደም ተከተል

ከዚህ ትንተና በመነሣት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማቅረብ ይቻላል። በመጀመሪያ ኮርዱ ይመታል፤ ድምፆቹም በስም ይጠራሉ። ቀጥሎ ከኮርዱ አራት ድምፆች ከእያንዳንዳቸው ተነሥቶ፣ እግር ምቱን እየመታ፣ በዝግታ ይወረዳል። ሜትሮኖሙ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ብቻ እንዲሰማ ቢደረግ ተማሪው የቀሩትን ምቶች ራሱ እንዲሸከም ያስገድደዋል። ከዚያ ይኸው መስመር በሌሎች ሁለት የአንገቱ ክፍሎች ይፈለጋል። ከዲ ማይነር 7 ወደ ጂ 7 የሚደረገው ሽግግርም ይጨመራል። በመጨረሻ ልምምዱ ወደ ዘፈን ይገባል፤ በኤፍ ብሉዝ ላይ የተሠራው የፓርከር «ናውስ ዘ ታይም» ለዚህ የሚመች ጅምር ነው።

የቁልፎች አቀያየርም ትኩረት ይሻል። ጆን ሺያና ሮቢን ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎችን እያቀላቀሉ የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ወቅት ደካማ ውጤት ቢያሳዩም፣ ቆይቶ በተደረገው ፈተና አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሄዱ ከነበሩት በልጠው ተገኝተዋል። ጥናቱ የእንጨት መሰናክሎችን በእጅ በመጣል ላይ የተደረገ በመሆኑ በቀጥታ ወደ ሙዚቃ ሊዛወር አይችልም። ሆኖም አንድን ቁልፍ 50 ጊዜ ደጋግሞ ከመጫወት ይልቅ ቁልፎችን ማፈራረቅ፣ ቢያዘገይና ቢያሰለችም፣ ሊሞከር እንደሚገባው ይጠቁማል። በልምምድ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ቅልጥፍና ሁልጊዜ የመማር ምልክት አይደለምና።

ማጠቃለያ

የስኬል ጣት አቀማመጥ ለቢቦፕ ጊታር አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። ጣት ቅርጽን ብቻ ከተማረ ቅርጽን ብቻ ይደግማል፤ ኮርድንና ምትን አብሮ ከተማረ ግን በየትኛውም የአንገቱ ክፍል መስመር መሥራት ይችላል። ስለሆነም ለዓመታት ደክሞ ዜማ ያጣ ተማሪ የለመደውን መጣል አይጠበቅበትም። ያንኑ አቀማመጥ ወስዶ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ፣ እያንዳንዱ ድምፅ በየትኛው ምት ላይ እንደሚወድቅ እየጠየቀ እንደገና መጀመር ይበቃዋል።